«ነፃ ነሽ» የማትለው ወለላ

የወለላን ማረፍ የነገረኝ ታናሽ ወንድሟ ደረጀ ነው። ከሥራ ወጥቼ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም፤ «ሲስተር፣ አረፈች» ብቻ አለኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁትም። ካንሰሩ አጥንቷ ድረስ ከገባ ወዲህ ያንን ስልክ ስጠብቅ ነው የከረምሁት። ያም ሆኖ ሰልፉ ወደፊት ሲሄድ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች «እለፊ እንጂ» እያሉ አለፉኝና ገቡ።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አስታምሜአለሁ፤ ብዙ ሰውም ቀብሬአለሁ። ወለላን ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ላስቀምጣት አልቻልኩም።

ልደታ ፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሮት የተመላለሰ ሰው ምናልባት ያውቃት ይሆናል። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት ጠባብ የጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ የእሷ ነበር። ማመልከቻ ትጽፋለች። የውርስ፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የቤት ክርክር። ሰው እያለቀሰና እየተራገመ የሚነግራትን ዝም ብላ ትሰማና ልቅሶውንና እርግማኑን አውጥታ አንድ ገጽ ታደርገዋለች። ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ መነጽር የማይለያት ሴት ነበረች። ከባድ ነገር ልትናገር ስትል መነጽሯን ታወልቅና በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ እሱን ስታደርግ ያየ ሰው ይዘጋጃል። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ሰንጋ ተራ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ቤተሰቡ ተበታተነ። እሷም ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይታ ከባለቤቷ ከግርማ ጋር ትኖር ነበር።

እኔ ያወቅኋት ግን በማመልከቻዋ አይደለም። እዚያው አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም የኤች አይ ቪ ምርመራና ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። ኮቪድ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጇን አቅፋ በሬ ላይ ቆመች።

ልጅቷ ሶስና ትባላለች። ስምንት ወር ሆኗታል፤ ለሚያያት ግን የአራት ወር ሕፃን ነው የምትመስለው። ሳሉ አልለቃት ብሎ፣ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶባት፣ ጡት መሳብ አቅቷት ነበር። የሕፃናት ክፍሉ ሐኪም ጠርጥሮ በመጀመሪያ እናቲቱን አስመረመራት። እኛ ዘንድ አንድ ምርመራ ብቻውን «አለ» ቢል አይታመንም። ሦስት ዓይነት መመርመሪያ በተራ ይሠራና ሦስቱም ሲስማሙ ነው ውጤቱ የሚነገረው። የወለላ ሦስቱም ተስማምተው ነበር። መንገሩ የእኔ ሥራ ነውና ነገርኳት።

አልጮኸችም። ልጅቷን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችና «ተሳስታችኋል» አለችኝ፤ በቁጣ ሳይሆን ጽሑፍ ላይ የፊደል ግድፈት እንዳገኘ ሰው። «እኔና ባለቤቴ ይህችን ልጅ እንዳረገዝኩ አብረን ተመርምረናል። ሁለታችንንም ነፃ ናችሁ ብለውናል።»

የት እንደተመረመሩ ስጠይቃት የእርግዝና ክትትሏን ታደርግበት የነበረ አንድ የግል ክሊኒክ ነገረችኝ። መውለጃዋ ሲቃረብ ደግመው አይተዋት እንደሆነም ጠየቅኋት። አላዩኝም አለች፤ አንዴ ነፃ የተባለ ሰው ለምን እንደሚደገምም አልገባትም። ቀጥዬ ከዚያ ምርመራ በፊት በነበሩት ሳምንታት ባለቤቷ ታሞ እንደሆነ ጠየቅኋት። ታሞ ነበር አለችኝ። ግርማ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላይ የግሬደር ኦፕሬተር ነው፤ ክፍለ ሀገር ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው። በዚያ ሰሞን ትኩሳት ይዞት፣ ጉሮሮውን አሞት፣ ሰውነቱም ሽፍ ብሎበት ነበር የመጣው። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደና ተሻለው። ማርገዟን ሲሰማም ደስ ብሎት፣ ራሱ እጇን ይዞ ነው ለምርመራ የወሰዳት።

የቻልኩትን ያህል አቅልዬ አስረዳኋት። ከጣት ደም ተወስዶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ነገር ነው። ሰውነት ደግሞ ያንን ለማመንጨት ጊዜ ይወስድበታል፤ ብዙ ሰው ላይ ጥቂት ሳምንት፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ሦስት ወር። በዚያ መሃል ቫይረሱ ደም ውስጥ ሞልቶ እያለ ምርመራው «የለም» ይላል። ከደም ሥር ተቀድቶ ላቦራቶሪ የሚሠራው፣ የቫይረሱንም አካል ጭምር የሚፈልገው ምርመራ ቀደም ብሎ ያገኘዋል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በማግስቱ የሚያገኝ ግን አንድም የለም። ሰው ሌላውን ሰው በቀላሉ የሚያስይዘውም በዚያው በመጀመሪያው ሰሞን ነው።

መነጽሯን አወለቀችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«እና የእኛ ምርመራ» አለች፤ «የየትኛውን ቀን ነው የተናገረው?»

«ከዚያ ሦስት ወር በፊት የነበረውን» አልኳት። «የዚያን ዕለቱን አልተናገረም።»

«ይህን የነገረን የለም» አለች። ቀጥላም ልጅቷን ወደ እኔ አስጠጋችና «የእሷስ?» አለችኝ።

የሕፃን ነገር የባሰ ነው። የእናቲቱ የመከላከያ ነገር በእርግዝና ጊዜ ወደ ልጁ ያልፍና ልጁ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላው ደሙ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የጣቱ ምርመራ ያልተያዘውንም ሕፃን «አለበት» ሊል ይችላል። ቫይረሱን ራሱን መፈለግ ያስፈልጋል። የሶስናን ተረከዝ ወግቼ ደሟን ወረቀት ላይ አንጠባጥቤ፣ አድርቄ ላክሁት። ስትወጋ አላለቀሰችም። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ወለላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙ ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት አስጀመራትና ሆስፒታል እንድትተኛ ላካት። ሳንባዋ ግን አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር። ወለላ አልጋው አጠገብ ቆማ ኦክስጅኑን በእጇ ይዛ ሰነበተች አሉ። ሶስና በአንድ እሑድ ጠዋት ሞተች። ውጤቱ የመጣው ከቀብሯ በኋላ ነው።

ልደውልላት ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ እሷው ራሷ ጥቁር ለብሳ መጣች።

«መጥቷል?» አለችኝ።

መምጣቱን ነገርኳት፤ አሁን ግን ምንም እንደማያደርግላት፣ ብታርፍ እንደሚሻላት ልመክራት ሞከርኩ።

«ሲስተር፣ እኔ ሰው ጉዳዩ ተዘግቷል ብቻ ተብሎ ሲመለስ እያየሁ ነው የምውለው» አለችኝ። «ለምን እንደተዘጋ ይነገረኝ።»

የሶስና ደም ውስጥ ቫይረሱ መገኘቱን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ውኃ ጠየቀችኝና አመጣሁላት፤ ሳትጠጣው ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ብዙ ከቆየች በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከግርማ ጋር የሆነውን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው። ፕሮጀክቱ ካለበት ከተማ ከአንዲት ሴት ጋር ነበር። ትኩሳቱ ሲይዘው ፈርቷል። ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ ሲባሉ ክሊኒኩ በር ላይ ያለቀሰው ለዚህ ኖሯል፤ እሷ በልጁ ደስ ብሎት መስሏት ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሴት አልነካሁም ብሎ ማለላት። አመነችው። የጎዳትም ይኸው ነው።

«ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «የምጠላው ሰው ይኖረኝ ነበር።»

ከቤት አስወጣችው። እሱም ተመርምሮ የጀመረውን መድኃኒት ይዞ ወደ ፕሮጀክቱ ተመለሰ። ወራት ቆይቶ መድኃኒቱን መተዉን ከአንድ የሥራ ባልደረባው ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ማታ ማታ ትደውልለት ጀመር። አንዴ አብሬያት ሆኜ ሰምቻለሁ። ስልኩ ሲነሳ ሰላምታ የለም፣ እንዴት ነህ የለም። «ዋጥክ?» ትለዋለች። «ዋጥኩ» ይላል። ትዘጋዋለች። ለዓመታት በመካከላቸው የነበረው ንግግር ይህ ብቻ ነው። ይቅር ብለሽዋል ማለት ነው ብዬ ብጠይቃት ገርሟት አየችኝ። «ይቅር አላልኩትም» አለች። «ሁለተኛ ሰው አልቀብርም ብዬ ነው።»

ጤና ጣቢያችን ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች ነፍሰ ጡሮችን እንዲያማክሩ ሲፈልግ፣ ወለላ ማንም ሳይጠራት መጣች። ጠዋት ጠዋት የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ትታ የእርግዝና ክትትል ክፍሉ በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ፈርቼላት ነበር። ልጇን የቀበረች ሴት በየቀኑ ሆዳቸው የገፋ ሴቶችን እያየች እንዴት ትችለዋለች ብዬ። አልቻለችውም፤ ግን መምጣቷን አልተወችም።

ከእኛ ጋር የተጣላችው በአንዲት ቃል ነው። «ነፃ ነሽ አትበሏት» ትለናለች። «ነፃ የሚለው ፍርድ ቤት ነው። እናንተ የምታውቁት እስካሁን አለመታየቱን ነው። እሱን ንገሯት፤ መቼ ተመልሳ እንደምትመጣም ንገሯት።» አንዳንዶቹ ባልደረቦቼ ተበሳጩባት። እናቶቹን ታስፈራራብናለች፣ ሰልፉንም ታስረዝማለች አሉ። እውነትም ታስረዝም ነበር። «የለብሽም» ተብላ እየሳቀች የወጣችውን ሴት አጠገቧ ታስቀምጣትና ባለፉት ወራት ምን እንደነበር፣ ባሏ የት እንደሚሠራ፣ አብሮ ተመርምሮ እንደሆነ ትጠይቃታለች። ሴትዮዋ ፊቷ ይጠቁራል። አንዳንዷ ተነስታ ትሄዳለች። አንዳንዷ ግን ቁጭ ብላ ለእናቷ ያልነገረችውን ትነግራታለች። አንዲት ልጅ የተደፈረችው ባለፈው ሌሊት መሆኑን ስትነግራት፣ «አንቺ ዛሬ የሚያስፈልግሽ ምርመራ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ሦስት ቀን ካለፈ አይሠራም» ብላ እጇን ይዛ እየሮጠች እኔ ክፍል አስገባቻት።

ለሠርግ የሚመረመሩ ጥንዶችም ነበሩ። ቤተክርስቲያን ወይም ቤተሰብ የምርመራ ወረቀት አምጡ ስላላቸው፣ ድንኳኑ ሊተከል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው የሚመጡት። ወለላ እነሱንም አትተዋቸውም፤ አሁን ይህን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ማንም ሳያዛችሁ ኑ ትላቸዋለች። አንድ ቀን የሙሽራዋ እናት «ምን ዓይነት ምቀኛ ሴት ናት?» ብለው ሰው ሁሉ እየሰማ ተቆጧት። ወለላ ለእርጅናቸው ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳችላቸውና፣ «እኔም ሙሽራ ነበርኩ እማማ» አለቻቸው። ሴትዮዋ ልጃቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ሁሉም ነገር ሰምሮላት እንዳይመስል የሰናይትን ነገር መናገር አለብኝ። ሰናይት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ ሜክሲኮ ስልክ ይጠግናል። ስትመረመር የመጀመሪያው መመርመሪያ «አለ» አለ፤ ሁለተኛው «የለም» አለ። ተደግሞም ያው ሆነ። እንዲህ ሲሆን ውጤቱ አልተለየም ተብሎ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትመለስ ይነገራታል። መመርመሪያው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ እርግዝናው ራሱ ያሳስተዋል። ቫይረሱ ገና በቅርቡ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ነግረናታል። ሰናይት የሰማችው ግን «አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ያንኑ ለባሏ ነገረችው። በማግስቱ ጠዋት ልብሷን በፌስታል ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

ወለላ ቤቷ ወሰደቻት። ሰናይት ሄደሽ አስረጂልኝ ብላ ስለለመነቻትም ከሰዓት በኋላ ወደ ባሏ ሱቅ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ወጣቱ ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ስልክ ፈትቶ ተቀምጧል። ከየት እንደመጣን ሲሰማ ቀና ሳይል፣ «አለባት ወይስ የለባትም?» አለ።

«እስካሁን አይታወቅም» አለችው ወለላ።

«ምርመራ አይደለም እንዴ? እንዴት አይታወቅም?»

መነጽሯን አወለቀች። «እኔን እየኝ» አለችው። «እኔ አለብኝ። የእኔ ምርመራ የለም ብሎ ልጄን ቀብሬአለሁ። የሚስትህ ደግሞ ሳይኖርባት አለ ብሎ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ቀን ታገስ። አንተም ና ተመርመር።»

«እኔ ምን በወጣኝ» አለና ወደ ስልኩ አጎነበሰ። ወለላ ፊቷን ለማያውቃት ሰው እንዲያ ገልጣ ሰጥታ በባዶ እጇ መመለሷ ከባልየው ይልቅ እኔን አናደደኝ።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ሰናይት እንደገና ስትመረመር ሁሉም «የለም» አሉ። ባሏ ያንኑ ዕለት ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ መጣ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰናይትም ፌስታሏን ይዛ እየሳቀች ተከተለችው። ወለላ በረንዳው ላይ ቆማ ከታች ሲሄዱ አየቻቸው። «የመጣው ለእሷ አይደለም» አለችኝ። «ለውጤቱ ነው።»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ባልየው አሁንም አልተመረመረም። የሰናይት እርግዝና እየገፋ ሲሄድ ወለላ ደግማ እንድትመረመር፣ እሱንም ይዛው እንድትመጣ ደወለችላት። ልጅቷ እሺ ትላለች፤ አትመጣም። አንድ ቀን ወለላ አጠገቤ ሆና ስትደውል ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር መልሷን እኔም ሰማሁት።

«እትዬ ወለላ፣ እባክዎ ይተዉኝ» አለቻት። «እርስዎ ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት።»

ወለላ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ያን ቀን ከወትሮው ቀድማ ወደ ቤቷ ሄደች። ለሰናይት ከዚያ በኋላ አልደወለችላትም። ልጅቷ ሌላ ቦታ ወለደች መሰለኝ፤ እኛ ዘንድ አልተመለሰችም። እሷም ልጇም ምን ላይ እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወለላ ግን ነፍሰ ጡር በበሩ ስትገባ ቀና ብላ ፊቷን ታያለች፤ ሰናይት አለመሆኗን ስታውቅ አንገቷን ትደፋለች። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ።

ያለፈው ዓመት ነው መድማት የጀመራት። ለማንም አልተናገረችም። የእሷ መድኃኒት በደንብ ሠርቶላት፣ ለዓመታት ደሟ ውስጥ ቫይረሱ በመለኪያ የማይገኝበት ደረጃ ላይ ነበረች። ነገር ግን ቫይረሱ ያለባቸው ሴቶች የማሕፀን በር ካንሰር ቶሎ ስለሚይዛቸው በየጊዜው እንዲታዩ እንመክራለን። እሷንም በመጣች ቁጥር እነግራት ነበር። ነገ ትለኛለች፤ ይህ ሳምንት የቀጠሮ መዝጊያ ነው፣ ፍርድ ቤት ሊዘጋ ነው፣ ሰው ይጠብቀኛል። በመጨረሻ መቆም ሲያቅታት ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ አይቷት ሲወጣ እኔን ነበር ለብቻ የጠራኝ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ተናደድኩባት። ሰውን ሁሉ ተመርመሩ ስትይ ኖረሽ ራስሽን እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ አልኳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር።

«የራሴን ውጤት መጠበቅ ደከመኝ» አለችኝ።

ጨረሩም መድኃኒቱም ብዙ አልረዳት። ደረጀ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ እሷ ቤት ገብቶ አስታመማት፤ ከእጁ ሌላ ከማንም አትጎርስም ነበር። ጎረቤቱ ያ ነገር ነው የጣላት ይላል። አይደለም፣ ሌላ ነው ብዬ ለአንዳንዶቹ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ኋላ ግን ተውኩት።

ግርማ መታመሟን ሰምቶ ከፕሮጀክቱ መጣ። ቤት አልገባም። አራተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ፣ ከበሯ አጠገብ፣ ጃኬቱን ለብሶ ይቀመጣል። ጠዋት ይመጣል፣ ሲመሽ ይሄዳል። ደረጀ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣም ሲገባም በአጠገቡ እያለፈ አያናግረውም። ሊጠይቃት የሚመጣ ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ተሻግሮ ነው የሚያልፈው። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሷን ሳስተካክል ወለላ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ደረጃው ላይ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ብርድ ነው። ግባ በይው።»

ገባ። ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ። ሸብቷል። በእጁ የያዘውን ኮፍያ ያዞረዋል። ደረጀ ወደ ማድ ቤት ሄደና ቆመ። እኔም ልወጣ ስል ወለላ እጄን ያዘችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘታቸው ነው፤ የምትለውን ጠበቅሁ።

«ዋጥክ?» አለችው።

«ማታ ነው የምውጠው» አላት።

«አትርሳ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ ሌላ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ግርማ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ ነበር የሚውለው፤ ደረጀም ምግብ ሲያቀርብ ለእሱም ያቀርብለት ጀመር።

የቀብሯ ዕለት ዝናቡ ጠዋት ዘንቦ አቁሟል። ከፍርድ ቤቱ አካባቢ ጸሐፊዎቹ፣ ጠበቆችም ሳይቀሩ መጥተዋል። ከአግዳሚው ላይ የማውቃቸው እናቶችም አሉ፤ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተራርቀው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ አውርደው ቆመዋል። ግርማ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ነው።

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ አንድ የዕድሩ ሽማግሌ የሕይወት ታሪኳን ማንበብ ጀመሩ። የጻፈው ደረጀ ነው። የተወለደችበት፣ የተማረችበት፣ ለስንት ሰው ማመልከቻ እንደጻፈች፣ ሰው ወዳድ መሆኗ። ጤና ጣቢያው አልተነሳም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ በተወለደች በአርባ ስድስት ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ባለትዳር ስትሆን፣ ልጅ አላፈራችም» ብለው አነበቡ።

ደረጀ ለምን እንዲያ እንደጻፈው ገብቶኛል። ልጅ ነበራት ከተባለ፣ ልጅቷ በምን ሞተች የሚል ይመጣል። ዕድርተኛው ግማሹ ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ሶስናን የሚያውቁትም ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

«ወልዳለች» አለ ግርማ።

ጮክ ብሎ አይደለም። ሽማግሌው ግን ሰምተው ቀና አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

«ወልዳለች» አለ ደግሞ። «ሶስና ትባላለች። የእኔ ልጅ ናት። በስምንት ወሯ ነው የሞተችብን። በሽታውን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። ወለላ ምንም አላደረገችም።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩት፤ የሚያነቡት ነገር አልነበረበትም። ከዚያ በዚያው በሚያነቡበት ድምፅ፣ ከወረቀቱ ላይ እንዳለ ሁሉ፣ «ሶስና ግርማ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለች» አሉ። ከእናቶቹ አንዷ ምርር ብላ አለቀሰች፤ ሌላዋ ጠጋ ብላ ያዘቻት።

በግርማ ግራና ቀኝ ቆመው የነበሩት ሰዎች ሳይታወቃቸው ፈቀቅ ፈቀቅ ብለው፣ ብቻውን መሃል ቀርቷል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ደረጀ ከሬሳ ሣጥኑ ራስጌ ተነስቶ፣ በሰዉ መሃል አልፎ ሄደና አጠገቡ ቆመ።